ሙት ወቃሽ

ኖላዊት አድማሱ በሞተች በስድስተኛ ዓመቷ ለቡርቄ ወረዳ ምክር ቤት እጩ ሆነች።

በቡርቄ ማንም አልተገረመም። በአካባቢው ካሉት ዐሥራ አራት ወረዳዎች ስድስቱን የሚያስተዳድሩት ከሟቾች ጽሑፍና ድምፅ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። የተማረው ውሃ ወዳለበት አገር ከሄደ ቆይቷል፤ የቀረው ደግሞ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ሥልጣን ሲሉት ጭቅጭቁ ብቻ ነው የሚታየው። ሙታን ግን አይሰደዱም። ስብሰባ አያረፍዱም፣ ዘመድ አይሾሙም፣ መኪና አይጠይቁም። የቡርቄ ሰው ነገሩን ለምዶት፣ የጎረቤቱ ሟች አባት ቢሮ ገብተው መሬት ሲመሩ "እግዜር ያበርታቸው" ብሎ ያልፋል።

የኖላዊት መመዘኛ በወረዳው ግቢ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ በሕግ፤ ሁለተኛ ዲግሪ በአካባቢ ጥበቃ ሕግ፤ በወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የሕግ ክፍል ኃላፊ ሆና ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገለች፤ የሐይቁን ዳር የከለለውን ደንብ ያረቀቀች፤ ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር ያለ ክፍያ ጥብቅና የቆመች። እንዲህ እያለ ይወርድና በዐሥረኛው መስመር ላይ ይህ ይነበባል፦ "በ2068 ዓ.ም. ለማዕድን ማጠቢያ ፋብሪካ የተሰጠውን የሐይቅ ውሃ ፈቃድ በመቃወም ባለ ዐሥራ አራት ገጽ ይግባኝ ጽፋ በመጨረሻው ቀን ለመዝገብ ቤት ያስረከበች፤ ይግባኙ በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጥፋት ሳይታይ የቀረ።"

ባሏ ኢዮስያስ ይህን ወረቀት ደጋግሞ አንብቦታል። ዘጠኙ መስመር እውነት ነው።

ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ኢዮስያስ፣ ሮቤል፣ ኖላዊት የሚባሉት ስሞች የሽማግሌ ስሞች ከሆኑ ሰነባብተዋል፤ ወጣቶቹ አሁን ድንቅነሽና በላቸው ነው የሚባሉት። የሚኖረው በሐይቁ ዳር ነው፤ ሐይቅ የለም እንጂ ዳሩ አሁንም አለ። ግቢው ውስጥ የተገለበጠች ጀልባ አለች፤ እንግዳ ሲመጣ አግዳሚ ወንበር ትሆናለች። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ በመኪና ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሰው በካርዱ ሁለት ጄሪካን ይቀዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የሐይቁ ነጭ አቧራ ከተማው ላይ ይወርዳል። የቡርቄ ሰዎች አቧራው መጣ አይሉም። "ሐይቁ መጣ" ነው የሚሉት። ያን ጊዜ ጭንብል ይጠለቃል፣ በር ይዘጋል፣ ልጅ ይሰበሰባል።

ሁልጊዜ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኖላዊት መደርደሪያው ላይ ካለችው የድምፅ ሣጥን ትቀሰቅሰዋለች።

"ኢዮስዬ፣ ተነሥ። ሐይቁ ዛሬ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው። የጓዳውን መስኮት ዝጋ።"

ይነሣል፤ ይዘጋል። ከዚያ ጨርቅ በጥቂት ውሃ ያረጥብና ፊቱን ሳይጠርግ በፊት መደርደሪያውን ይጠርጋል።

ቅጂዋን ወረዳው ነው ያሠራው፤ ከደብዳቤዎቿ፣ ከሕግ አስተያየቶቿ፣ ከስብሰባ ቀረጻዎቿ። መጀመሪያ ቤት ስትገባ የምትናገረው እንደ ደብዳቤ ነበር፤ ወጡ ጨው ጎደለው ቢላት ስለ ምግብ ደኅንነት አዋጅ ታነሣለች። እሱ ነው ቀስ በቀስ ቤቱን ያስተማራት። ጨው እንደማትወድ ነገራት። ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ እሱን ኢዮስዬ እንደምትለው ነገራት። እሷም ተማረች። ሰው ሚስቱን ሁለት ጊዜ አያገባም ይባላል፤ ኢዮስያስ ግን ሁለተኛዋን ራሱ አስተምሮ አገባት። በዚህ ስድስት ዓመት ውስጥ ያልነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዋ ኖላዊት፣ ሥጋና ደም የነበረችው፣ በሞተችበት ሳምንት እጁን ይዛ "ሮቤልን ጥራልኝ፣ የመዝገብ ቤቱን" ብላው ነበር። ነገ አላት። በማግስቱም ነገ አላት። በሦስተኛው ቀን ድምፅዋ ተቆራርጦ፣ "እንግዲያው አንተ ይቅርታ ጠይቅልኝ። በሰው ፊት ይሁን" አለችው። እሺ አለ። ቃል ነው። ቀበራትና ቃሉን አብሯት ቀበረው።

*

ምርጫው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የምርጫ ጽሕፈት ቤቷ ድንቅነሽ ቤቱ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጭንብሏን አውልቃ፣ ጫማዋን በር ላይ አራግፋ፣ ጀልባዋ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ አውጫጪኝ አለ። እርስዎ ስለሆኑ በእግሬ ልነግርዎት ብዬ ነው።"

አውጫጪኝ ጥንት ከብት ሲሰረቅ አገር በአንድ ክብ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ማንም የማይለቀቅበት ሥርዓት ነበር። የምርጫ ሕጉ ለእጩዎች ሲል መልሶ አነሣው። ቅጂ ሲወዳደር ወረዳው በገመድ ውስጥ ይቀመጣል፤ መመዘኛው መስመር በመስመር ይነበባል፤ እያንዳንዱ ሰው ነውር ያለበትን ነገር አይቶ ወይ ሰምቶ እንደሆነ ይጠየቃል። ሁሉም ቃሉን እስኪሰጥ ገመዱ አይፈታም። በመጨረሻ የሟቹ የቅርብ ዘመድ ይፈርማል።

"አንዱ መስመር ሐሰት ሆኖ ከተገኘስ?" አላት ኢዮስያስ፣ እንደ ዋዛ።

"ቅጂው ይዘጋል ጋሼ። ከቢሮም ከቤትም። ግን እሳቸው ላይ ምን ይገኛል?" ሳቀች። "እኔ ሕግ የተማርኩት የዚያን ይግባኝ ረቂቅ አንብቤ ነው። ዐሥራ አራቱንም ገጽ። የውሃ መብት የልጅ ልጅ መብት ነው የሚለው ቦታ ላይ አልቅሻለሁ።"

ኖላዊት ያን ገጽ ስትጽፈው ሻይ ያቀበላት ኢዮስያስ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንዲሉ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረው በዚህች ተረት ነው።

ልጅቷ ስትሄድ ገብቶ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ተቀመጠ።

"ኖላ።"

"አቤት።"

"ሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት፣ ሐምሌ ሃያ አንድ። የት ነበርሽ?"

"ይግባኙን ለመዝገብ ቤት አስረከብኩ። በማግስቱ በጻፍኩት ማስታወሻ ላይ ሰፍሯል።"

"ጠዋቱንስ?"

"ስለ ጠዋቱ የሰፈረ ነገር የለም።"

"ዝናብ ነበር" አለ ኢዮስያስ።

"እውነት? ደስ ይላል።"

አለችው እንዲህ፤ ዝናብን እንደ ወሬ ብቻ እንደምታውቅ ሴት። ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ስድስት ዓመት ያነቀውን ነገር እንደ ቀላል ጥያቄ አድርጎ አወጣው።

"ልትሞቺ ስትይ፣ ሮቤልን ይቅርታ ጠይቅልኝ ብለሽኝ ነበር።"

"ለምን? ይቅርታ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።"

"ኖላ…"

"ከተመረጥኩ መጀመሪያ የምከሰው እሱን ነው ኢዮስዬ። የሕዝብ ውሃ ያስጠፋ ሰው በይርጋ አያመልጥም፤ ሕጉ ከተሻሻለ አራት ዓመቱ ነው። ጥፋተኛ ከተባለ የውሃ ድርሻው በግማሽ ይቀነሳል። ሐይቁን አንድ ሰው መመለስ ባይችል እንኳ፣ ተጠያቂ ሰው መኖር አለበት።"

ድምፅዋ ጨዋ ነበር፤ እንደ ድሮው ረጋ ያለ፣ ቃል በቃል የሚያስቀምጥ። ኢዮስያስ የዚያን ቀን የገዛ ሚስቱን ድምፅ ፈራ።

ሮቤል ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ቡርቄ ውስጥ በአንድ ጄሪካን ሦስት ቀን የሚያድር የሰባ አንድ ዓመት ሰው የለም።

*

ሮቤል በ2068 የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነበር። ይግባኙ አልደረሰኝም አለ። ኖላዊት አስረክቤአለሁ ብላ ጻፈች። አገሩ ማንን ይመን? አንዱ ዐሥራ አራት ገጽ የጻፈች ሴት ናት፤ ሌላው መስኮት ላይ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታ ሰው ነው። ፋብሪካው በገንዘብ አፉን አዘግቶት ነው ተባለ። ከሥራ ወጣ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሰላምታ ነሱት፤ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ወንድሟ ሄደች። አሁን በገበያው ጫፍ የአቧራ ጭንብል ማጣሪያ ይቀይራል። ከተማው በእሱ እጅ ይተነፍሳል፤ ግን ጭንብሉን ሲያቀብለው ዓይኑን አያየውም።

ፋብሪካው ግን በዚያው ክረምት ፓምፖቹን ተከለ። የፓምፖቹ ኃላፊ ኢዮስያስ ሆነ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሐይቁን ሳበ። ሰው በዚህ አልወቀሰውም፤ "ለእንጀራው ነው፣ እሷ ግን ታግላለች" ይሉ ነበር፤ በእሷ ክብር እሱም ታጥቦ ነጻ። በ2080 ፓምፑ ከውሃ ይልቅ አየር መሳብ ሲጀምር የሰማው እሱ ነው። ገለባ ውስጥ እንደሚገባ ትንፋሽ ያለ፣ የማይጠግብ ድምፅ። ፋብሪካው ነቅሎ ሄደ፤ ድምፁ ግን ቀረ። አንዳንድ ጊዜ ምሳ እየበላ ይሰማዋል።

*

ቅዳሜ ጠዋት ወረዳው በሐይቁ ወለል ላይ ተሰበሰበ። ገመዱ ከድሮው የጀልባ ማቆሚያ ምሰሶ ተነሥቶ ዞሮ እዚያው ታሰረ። ውስጡ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ሕያዋን ነበሩ። በጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎላት፣ ኖላዊት ተቀመጠች።

ድንቅነሽ መመዘኛውን አነበበች። ዲግሪዎቹ ሲነበቡ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። የዓሣ አጥማጆቹ ጉዳይ ላይ አንዲት ሴት እልል አለች። ዐሥረኛው መስመር ሲነበብ ሁሉም ሳይነጋገር ሮቤልን አየ።

ከዚያ ተራ በተራ እየተነሡ ቃላቸውን ሰጡ።

"አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አላውቅም።"

"አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አላውቅም።"

ፀሐይዋ ከነጩ ወለል ላይ ተመልሳ ከታች ወደ ላይ ትጠብስ ጀመር። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። የሮቤል ተራ ደረሰ። ከቤቱ ይዞት ከመጣው በርጩማ ላይ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ጣቶቹ የማጣሪያ ጥቀርሻ የጠገቡ ነበሩ።

"እኔ ያየሁትን ያን ጊዜ ተናግሬያለሁ። ዛሬ ምን እጨምራለሁ?"

"ጋሼ፣ ፎርሙ ላይ የሚጻፈው…" አለች ድንቅነሽ በትሕትና።

"እሺ ልጄ፣ አላየሁም ብለሽ ጻፊ። ያልመጣ ነገር አይታይም።"

ከኋላ አንዳንዶች ሳቁ። ሮቤል ተቀመጠ። ኢዮስያስ ከአምስት ሰው ወዲያ ሆኖ የሮቤልን አንገት ያይ ነበር፤ ቀጭን፣ የተሸበሸበ፣ ሁለት ጄሪካን እንኳ የማያጠግበው አንገት።

የሚቀረው እሱ ብቻ ሆነ። ድንቅነሽ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አመጣችለት። ሰዎቹ ልብሳቸውን እያራገፉ ለመነሣት ተሰናዱ። "ቶሎ በልልን ኢዮስያስ፣ ሐይቁ ሊመጣ ነው!" አለ አንዱ።

እስክሪብቶውን ያዘ። ቢፈርም ነገ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ "ኢዮስዬ፣ ተነሥ" ትለዋለች። ባይፈርም ማንም አይቀሰቅሰውም። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የረቀቀ አልነበረም፤ እና እጁ ሊፈርም ነበር። እውነቱን ለመናገር እጁ የኢ-ን ራስ ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ላይ ኖላዊት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሱ ብቻ፣ "አይዞህ" አለችው። ይህንን ቃል ያስተማራት እሱ አልነበረም። በየትኛው ደብዳቤ ውስጥ እንዳገኘችው አያውቅም። የመጀመሪያዋ ኖላዊት ግን ከመሞቷ በፊት መጨረሻ ያለችው ይህን ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝና…" ብሎ ጀመረ።

"ውቀሳት እንጂ፣ ይኸው ከፊትህ አለች! ትመልስልሃለች!" አለ አንድ ቀልደኛ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ኢዮስያስ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ያን ቀን ኖላዊት ከቤት አልወጣችም። ይግባኙ ተጽፎ አልቆ መደርደሪያ ላይ ነበር። መሸ። ምድጃ ውስጥ ገባ። ማስታወሻውን በማግስቱ ጻፈችው። ሮቤል ምንም አልተቀበለም፤ ምንም አላጠፋም። ስትሞት ይቅርታ ጠይቅልኝ ብላኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ሮቤል፣ ይቅርታ።"

የተናገረው ይህን ነው። ለምን እንዳልወጣች አልተናገረም። ሊናገር አፉ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ተቀመጠ።

ድንቅነሽ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ወረቀቱን ሳትለቅ፣ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። በደንቡ መሠረት እጩዋ መልስ የመስጠት መብት አላት።

"ወይዘሮ ኖላዊት… እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ምስክሩ በዓይኑ ያየ ነው" አለች ኖላዊት። ድምፅዋ አልተለወጠም። "ከምስክርነቱ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ እንዲያውም ይጎዳበታል። እንዲህ ያለ ቃል ይታመናል። ይመዝገብ።"

ቆየት ብላ ቀጠለች።

"መመዘኛዬ ሐሰት ይዟል። ራሴን ከእጩነት አግልያለሁ። ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልዘጋ። አቶ ሮቤል፣ የሠራሁትን አላስታውሰውም፤ ግን ሠርቼዋለሁ። የያዝኩት ሥልጣን ቢኖር ኖሮ እርስዎን ልቀጣ ነበር።"

ኢዮስያስ "ጥቅም የለም" የሚለው ቃል ከጀርባው እንደ ተለጠፈ ሆኖ አንገቱን አላነሣም። ገመዱ ተፈታ። ሰው ግን አልወጣም፤ ሮቤል ቀድሞ እስኪወጣ ጠበቀ። አንዲት አሮጊት፣ ባሏ ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣ ጉልበቱን ልትስም ስትጎነበስ ሮቤል ትከሻዋን ይዞ ቀና አደረጋት። በርጩማውን አጥፎ፣ ወደ ኢዮስያስ ሳይዞር፣ ወደ ገበያው ሄደ።

*

ቤት ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ኢዮስያስ አቅፏት መጥቶ መደርደሪያው ላይ መለሳት። ጨርቁን አረጠበና ጠረጋት። ከዚያ ሌላ የሚሠራው አጣ።

"ኢዮስዬ" አለችው።

"ወዬ።"

"አንድ ነገር አልገባኝም። ዐሥራ አራት ገጽ የጻፈች ሴት ያለ ምክንያት ቤቷ አትቀርም። ያን ቀን እንዴት ነበር? ጊዜ አለን፤ ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

ነገራት። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያላወራውን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለማታስታውሰው ለእሷ ተረከላት። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ እንደነበር፤ ቆርቆሮው ጆሮ ይነሣ እንደነበር። ይግባኙን እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቅልላ፣ ጃንጥላዋን ይዛ እስከ በሩ መሄዷን። መመለሷን። ከዚያ ወንበሯን ወደ ብርሃን ስባ ምስር መልቀም መጀመሯን፤ አንዱን ሰፌድ ምስር ለቅማ ጨርሳ፣ እንደገና ከላይ ጀምራ፣ ሦስት ጊዜ መልቀሟን። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ቀና ብላ "አሁንም ይደርሳል" ማለቷን። ዐሥር ሰዓት ላይ ምንም አለማለቷን።

"ምስር" አለች ኖላዊት፣ ቃሉን እንደ አዲስ እየቀመሰች። "እስከ በሩ ሄጃለሁ አልክ። ጃንጥላ ይዣለሁ። ለምን ተመለስኩ?"

ኢዮስያስ ውሃ ቀዳ፤ ጠጣ። የነገውን ድርሻ ነበር የጠጣው።

"ዛሬ ጥቅም የለውም ብዬ ተናገርኩልህ" አለች። "ተሳስቼ ነበር?"

ሰዓቱን አየ። ለዐሥራ አንድ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ያን የዝናብ ጠዋት እሱ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ፣ በሚስቱ ደመወዝ እየኖረ፣ ከፋብሪካው የመጣውን የቅጥር ደብዳቤ በኪሱ አጥፎ የያዘ ሰው ነበር። ይህንን እንዴት አድርጎ ይነግራታል? እንደ ልጅ እያለቀሰ፣ በሩን በጀርባው ዘግቶ፣ ከዚህ ከወጣሽ ዳግመኛ አታገኚኝም ማለቱን? ወድዳው እንደቀረች፣ በዚያ ፍቅርም አብረው ሐይቁን እንደጠጡት?

"በሩ ላይ ማን ነበር፣ ኢዮስዬ?"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል።

"እኔ" አለ። "እኔ ነበርኩ፣ ኖላ።"

መልስ አልመጣም። ቀና ሲል ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ሆኖ ነበር። ሰምታው ይሁን ሳትሰማው፣ ለማወቅ ምንም መንገድ አልነበረም። መደርደሪያው መደርደሪያ ሆኗል።

*

ሮቤል ሱቁን ሊዘጋ ሲል ኢዮስያስ ደረሰ። ጭንብል አላጠለቀም፤ ረስቶታል። ሮቤል አየውና ሥራውን ቀጠለ፤ ማጣሪያዎቹን አንድ በአንድ በሣጥን ይደረድራል።

"ሮቤል፣ ዛሬ የተናገርኩት ግማሹን ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ከሥራ ያባረሩኝ ዕለት በፋብሪካው በር በኩል ነው ያለፍኩት። አንተ አዲስ ቱታ ለብሰህ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። እጅጌው ይረዝምህ ነበር፣ አጥፈኸዋል። ያን ጊዜ ገባኝ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ለማን?" አለ ሮቤል። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣውን ከጨረሰው ቆይቷል። "የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ እሱን ልንገርህ። መዝገብ ቤቱ የሚዘጋው ዐሥራ አንድ ተኩል ነው። ይግባኝ እንደምታመጣ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ዝናቡ ይዟት ነው ብዬ መስኮቱን አልዘጋሁም። ማኅተሙን ቀለም ነክሬ፣ ቀኑን አስተካክዬ፣ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ዘግይታ ብትመጣም የዚያን ቀን ማኅተም ልመታላት። ለሕግ ስል ሳይሆን፣ ለሐይቁ ስል። እዚያ ውስጥ ነው ዋና የተማርኩት።"

ኢዮስያስ ከመሬት የወደቀች ማጣሪያ አንሥቶ አቀበለው።

"የቀረውን ለእኔ አትንገረኝ" አለ ሮቤል፣ ሣጥኑን እየከደነ። "እኔ አውቀዋለሁ። ነገ ውሃ ይመጣል። ሰልፉ ላይ ተናገረው። ሁሉም ጄሪካኑን ይዞ በቆመበት።" ከዚያ አንድ አሮጌ ጭንብል ከመደርደሪያ አንሥቶ ወረወረለት። "አድርግ። ሐይቁ መጣ።"

ዞሮ ሲያይ እውነትም ከምሥራቅ መጥቶ ነበር፤ ነጭ፣ ድምፅ የሌለው፣ የከተማውን ጣሪያ አንድ በአንድ እየዋጠ። ኢዮስያስ እየዳበሰ ቤቱ ደረሰ። የጓዳው መስኮት ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር። አቧራው ገብቶ አልጋውንም፣ ጄሪካኖቹንም፣ መደርደሪያውንም አለበሳቸው፤ ወንበሯ ላይም ወፍራም ሆኖ ተቀምጦ ነበር። መስኮቱን ዘጋ። ከዚያ መደርደሪያው ፊት ቆሞ፣ ነገ ሰልፉ ላይ የሚለውን ጮክ ብሎ ተለማመደ።

"በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።"

ይመዝገብ የሚል ድምፅ አልነበረም። እንደገና አለው።